«ስንት ላይ ልንዳ?»፦ ለሰሜን ሸዋ ሞተረኞች ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ወደ አዲስ አበባም፣ ጣርማ በርን አልፌ ወደ ሸዋ ሮቢትም ለሥራ በሞተር ስመላለስ 17 ዓመቴ ነው። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፍጥነት ናቸው። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

«ቦክሰር 150 ነው የምነዳው። መኪናው ሁሉ በ80 ይበራል። በ50 ዳር ይዤ ብሄድ አይሻልም?» (ከጫጫ)

ወንድሜ፣ ዳሩ የሚመስልህን ያህል ደህና አይደለም። አንተ በ50፣ ከኋላህ ያለው አይሱዙ በ80 ሲመጣ በየሰከንዱ 8 ሜትር ይጠጋሃል። 80 ሜትር ላይ ያየኸው መኪና በ10 ሰከንድ ውስጥ ጀርባህ ላይ ነው። ሹፌሩ ስልኩን እያየ ከሆነስ? ደግሞ ዳሩ የተቆራረሰ አስፋልት፣ ጠጠርና በግ የሚበዛበት ነው።

በ80 ንዳ ማለቴ ግን አይደለም። መንገዱ ደረቅና ክፍት ከሆነ ከ60 እስከ 70 ይበቃሃል። ስፖኪዮህን ቶሎ ቶሎ እይ። የሚፈጥን ሲመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አሳልፈው። እኔ ፍጥነቴን የምመርጠው በአንድ ነገር ነው፦ እስከምን ድረስ ይታየኛል? በሚታየኝ ርቀት ውስጥ መቆም ካልቻልኩ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። በደረቅ አስፋልት፣ ፍሬኑ ደህና ሆኖ፣ ለመንቃት 1 ሰከንድ ቢፈጅብህ፣ በ60 ለመቆም 37 ሜትር ያህል ትፈልጋለህ። በ80 ወደ 57 ሜትር፣ በ100 ደግሞ ወደ 83 ሜትር። ከኩርባው ማዶ የሚታይህ 40 ሜትር ብቻ ከሆነ መልሱ እዚያው አለልህ።

«ልጄ ተሳቢ መኪና ኋላ ተለጥፎ ነው የሚሄደው። ነፋስ ይከልልኛል ይላል። ምን ልበለው?» (ከሸዋ ሮቢት፣ አንድ አባት)

አባቴ፣ ነፋሱን ይከልለዋል፣ እውነት ነው። ግን መንገዱንም ይከልልበታል። አንድ ጊዜ እኔም እንደዚያው ተጠግቼ ስሄድ፣ የቆመ መኪና ጎማ ሥር የሚደረግ ድንጋይ አስፋልት ላይ ቀርቶ ነበር። ከፊቴ ያለው መኪና በጎማዎቹ መሀል አሳለፈው። እኔ ያየሁት የፊት ጎማዬ ሥር ሲደርስ ነው። የጭንቅላት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ! እንዴት እንዳመለጥኩት አላውቅም፤ እጄ የተንቀጠቀጠው ግን ከቆምኩ በኋላ ነው።

ልጅዎ ይህን ይልመድ፦ መኪናው አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት» ብሎ ይቁጠር። ቆጥሮ ሳይጨርስ እሱም ምሰሶው ጋ ከደረሰ ተጠግቷል። በ60 ሲነዳ ይህ 50 ሜትር ገደማ ነው። የሹፌሩ ፊት በመኪናው ስፖኪዮ ካልታየው ደግሞ ሹፌሩም እሱን አያየውም።

«ሞተሬ ሸዋ ሮቢት ላይ ይበራል፣ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ይሞታል። ምን ሆኖ ነው?»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ዋናው አደጋ ለመቅደም ስትወጣ ነው። በ60 የሚሄድ ተሳቢን በ75 ለመቅደም 13 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ አንተ 275 ሜትር ትሄዳለህ፣ ከፊት በ80 የሚመጣውም 290 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ 600 ሜትር ያህል ባዶ መንገድ ካላየህ አትውጣ። ቆላ ላይ የለመድከው ግምት እዚህ አይሠራም።

«ጣርማ በር ላይ ጉም ሲይዘኝስ?»

የሚታይህ 20 ሜትር ከሆነ በ30 ንዳ። እርጥብ አስፋልት ላይ በ30 ለመቆም 15 ሜትር ያህል ይበቃል፣ በ40 ግን 20 ሜትሩን ታልፋለህ። ልዩነቱ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ እዚያ ጋ ግን ትልቅ ነው። ጭራሽ ካልታየህ ከአስፋልቱ ወጣ ብለህ ቁም። አስፋልቱ ላይ እንዳትቆም፣ አደራ።

ጣሊያን የሠራው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ጠባብም ነው። የፀሐይ መነጽርህን ሳትገባ አውልቅ፣ መብራት አብራ። ከዋሻው ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ማርሹ ሞተሩን ይያዘው፤ 2ኛ ወይም 3ኛ። ዜሮ ማርሽ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉህን አትስማ። ፍሬን ላይ ብቻ ተንጠልጥለህ ከወረድክ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ አይዝም። የመቃጠል ሽታ ከሸተተህ ቁምና ይቀዝቅዝ። ጓንትም አትርሳ፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል።

«ባለቤቴ ከኋላ ሲጭነኝ ያበርረዋል። እፈራለሁ።»

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ሁለት ሰው ሲጫን ሞተሩ ለመቆም ይከብደዋል። ሳትነሱ ተነጋገሩ፤ ትከሻውን ሁለቴ መታ ካደረግሽው ይቀንስ። አደራ፣ የነጠላሽን ጫፍ ሰብስበሽ ከጃኬት በታች አስገቢው። ጫፉን የሞተሩ ካቴና (ሰንሰለቱ) ከያዘው ማጅራት ነው የሚጎትተው። በጎንም አትቀመጪ፣ ግራና ቀኝ እግር ሰደሽ ተቀመጪ።

«ጥሩ ሄልሜት አለኝ። በ100 ብነዳስ?»

አይሆንም። በ100 ስትጋጭ ያለው ኃይል በ60 ካለው ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ሄልሜቱ ደረትህን አይሸፍንም።

«ማታ ከአዲስ አበባ ስመለስ ስንት ላይ?»

መብራትህ ስንት ሜትር ያሳይሃል? ደብዛዛ ከሆነና 40 ሜትር ብቻ ካሳየህ ከ60 አትለፍ፣ ቢቻል 50 ላይ ሁን። መብራት አጥፍቶ መንገድ ላይ የቆመ ከባድ መኪና አለ፣ አህያና ጋሪም አለ። ከፊት የሚመጣው ረጅም መብራት ሲያበራብህ ዓይንህን ወደ ቀኝ ጠርዝ መልስና ፍጥነት ቀንስ። እኔ ሸኖ ላይ ከመሸብኝ እዚያው አድሬ ሲነጋ ነው የምገባው።