መልስ፦ ለባሌ ትራውት ክብደት ያለው ዝንብ

ወንድሜ፣ ከደሴ ባሌ ድረስ ሄጄ ዝንቤ (ነፍሳት መስሎ መንጠቆ ላይ የሚታሰረው ማጥመጃ) ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ዋለ፣ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ዞር ብሎም አላየው ብለሃል። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከታች፣ ድንጋይ ሥር ከሚኖሩ የነፍሳት እጮች ነው። ስለዚህ እጭ የሚመስለውን፣ ራሱ ላይ ዶቃ ያለውን፣ ኒምፍ የሚባለውን ዝንብ እሰር። ዶቃው ተንግስተን ቢሆን እመርጣለሁ፤ እኩል መጠን ካለው ነሐስ ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ ፈጣን ውኃ ውስጥ ቶሎ ይወርዳል።

ዋናው ግን አካሄዱ ነው። ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ወርውርና ዘንግህን ከፍ አድርገህ የላላውን ክር ሰብስብ። የላዩ ውኃ ከታችኛው ይፈጥናል፤ ክሩ ላዩ ላይ ከተኛ ኒምፉን ይጎትተዋል፣ ዓሣውም ይጠረጥራል። ኒምፉ አልፎ አልፎ የወንዙን ወለል ነካ ካደረገ ጥልቀቱ ልክ ነው፤ በየውርወራው ድንጋይ ላይ ከተያዘብህ ቀለል ባለ ቀይር። ክሩ ድንገት ቆም ካለ ድንጋይ ነው ብለህ አትተወው፣ ዓሣ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ዘንጉን ቀና አድርግ።

ሐይቅ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ስታጠምድ የለመድከው ቁጭ ብሎ መጠበቅ እዚህ አይሠራም። ከመሄድህ በፊት ቦርከና ወንዝ ላይ ውርወራውን ተለማመድ፣ ዓሣ ባይያዝም እጅህ ክሩን ይለምዳል። ክረምት ላይ ግን አትጠጋው፣ ደራሽ ይመጣል።