ቀድሞ የተደገሰ ሰበብ

ልጆቼ፣

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ጉልበቴ ደረጃውን አይወደውም። ስለዚህ በየፎቁ ቆም እያልኩ ጎረቤት አዋራለሁ። ባለፈው ወር ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ልጅ አገኘሁ። ሲቪል ምህንድስና ጨርሶ ሁለት ዓመት ተኩል ሠርቷል። ስልኩ ላይ አፍጥጧል፤ ቴሌግራም ላይ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ነው።

«አመለከትክ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ልምድ ይላል። ደግሞ እዛ ቤት ሰው ከሌለህ...» አለኝና ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ይቺን ንግግር አውቃታለሁ። እኔም ስንት ዓመት ይዣት ዞሬአለሁ።

በ1989 ዓ.ም. አንድ ኮንትራክተር ዘንድ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። አቃቂ መጋዘን እንሠራለን። ከፍ ያለ ቦታ ወጣና ተመዘገብኩ። ፈተናው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። እሑድ ደግሞ የሩቅ ዘመድ ምላሽ ነበር። የሩቅ ስላችሁ፣ የሙሽራውን ስም እንኳ ሰው ጠይቄ ነው ያወቅሁት። ሄድኩ። ጠጁ ጥሩ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ዓይኔ ደም መስሎ ተፈተንኩና ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት «ያን ለት ያ ምላሽ ባይኖር ኖሮ!» እያልኩ አወራሁ። ወዳጆቼም «እውነትህን ነው» ይሉኝ ነበር።

አሁን ሳስበው፣ የሄድኩት ዘመድ ወድጄ አይደለም። አጥንቼ፣ ጠግቤ ተኝቼ፣ ጥርት ብዬ ገብቼ ብወድቅ አልችልም ማለት ነዋ። አምሽቼ ብወድቅ ግን ጥፋቱ የጠጁ ነው። ካለፍኩማ «አምሽቶ እንኳ አለፈ» እባላለሁ። በየትም ቢዞር ስሜ ይተርፋል። የቀረው ቦታው ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ጉድ እንዳልሆነ የገባኝ በስተርጅና ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ፈተኑ። ለአንዳንዶቹ መልስ የሌለው ጥያቄ ሰጥተው «በጣም ጎበዞች ናችሁ» አሏቸው። ልጆቹ እንዴት እንዳለፉ አያውቁም። ከሁለተኛው ፈተና በፊት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቀረበላቸው፤ አንዱ አእምሮ ያነቃል፣ ሌላው ያደነዝዛል ተባሉ። ከእነዚህ ልጆች ወንዶቹ በብዛት የሚያደነዝዘውን መረጡ። ሳነበው ጠጁ ትዝ አለኝ።

ዛሬ ጠጅ የግድ አይደለም። ተከታታይ ፊልም እያዩ ማንጋት አለ። ማመልከቻን በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ አንድ ሰነድ አጉድሎ መላክ አለ። «ሲቪዬን ላስተካክል» እያሉ ሦስት ወር መክረም አለ።

«ገና ነኝ» የምትለዋ ደግሞ ትሕትና ስለምትመስል አትነቃባትም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እየተባልን ነው ያደግነው። ለሰው ቤት ጥሩ ሥርዓት ነው። ሥራ ቦታ ግን እኔ ይጠሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የፌሮ ንድፍ ማንበብ ያስተማርኩት ልጅ አለቃዬ ሆኖ መጣ። ጠይቆ ነበራ።

አርማታ ሲሞላ ናሙና ወስደን፣ ጥንካሬውን ለማወቅ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን እንጨፈልቀዋለን። በ7 ቀን፣ ከ28 ቀኑ ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይይዛል። ታዲያ አርማታው እስኪጠነክር የሚይዘውን የአምዱን የጎን ሳንቃ 28 ቀን አናቆየውም፤ በአንድ ሁለት ቀን ይነሳል። ብዙ የሚቆየው የሶለታው፣ ማለትም የፎቁ ወለል፣ ድጋፍ ነው። እንደ ሸክሙ ነው። ስምንት ዓመት ለሚጠይቅ ቦታ በሁለት ዓመት ተኩል አመልክቱ አልላችሁም። ይህ ልጅ ግን ግማሽ ዓመት ጎደለኝ ብሎ ሲቀመጥ፣ ሳንቃው ያልተነሳለት አምድ መሰለኝ።

«ሰው ከሌለህ» ስላላት ነገርም ልመለስ። በዘመድ መሥራት የለም ብል እዋሻለሁ። አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ዛሬም ያናድደኛል። ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ በዘመድ ተወሰዱ የምላቸውን ቦታዎች ቆጠርኩ። ከአምስቱ በሦስቱ ማመልከቻዬ ራሱ አልነበረም። ያላመለከትኩበትን ቦታ ተነጠቅሁ እያልኩ ኖሬአለሁ።

ሳይት ላይ የቀን መዝገብ አለ። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባ፣ ስንት የቀን ሠራተኛ ዋለ፣ ዝናቡ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ጣለ። «ፎርማኑ ጠልቶኛል» ተብሎ አይጻፍበትም። እኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የምይዘው መዝገብ ሌላ ነበር። አንድ ጠዋት አለቃዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ሊያባርረኝ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ፊቱን ላለማየት ሪፖርት ማቅረቡን ተውኩ። ይሄኔ የምር ተቆጣኝ። ለካ ያን ቀን ጥርሱን አሞት ነበር።

አሮን ቤክ የተባለው የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጻፈው ስለዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ነው፤ በራሱ ጊዜ ብልጭ የሚል፣ እውነት መሆኑን ሳንመረምር የምናምነው። እኛ ሳንጠራ አቤት አንልም፤ ይህ ሐሳብ ግን ሳይጠሩት ይመጣል።

እኔን የረዳኝ ያው የሳይት መዝገብ ነው። ወረቀቱን ለሁለት እከፍላለሁ። በግራ ያየሁትን፣ በቀኝ እኔ የጨመርኩትን እጽፋለሁ። ከልጁም ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠን በደረሰኝ ጀርባ ሞከርነው። በግራ፦ «3 ዓመት ይላል። 2 ተኩል አለኝ። የሚዘጋው ዓርብ ነው።» በቀኝ፦ «አይወስዱኝም። ሰው አላቸው። ይስቁብኛል። ባልፍም አልችለውም።» ቀኙ ሞልቶ ደረሰኙ አለቀ። ልጁ ራሱ ሳቀ።

ሐሙስ ማታ ላከው። እነሆ ተጠርቷል፤ ፈተናው ሰኞ ጠዋት ነው። ትናንት ደረጃው ላይ ሳገኘው «ጋሼ፣ እሑድ ግን የጓደኛዬ ምላሽ አለብኝ» አለኝ።

የጥሪ ካርዱን ተቀበልኩት። ቃሊቲ ነው፤ ሩቅ አይደለም። እኔ እሄድለታለሁ።