«ልጄ በእኔ ስም ሲፈርም ከርሟል»

ሰላም እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን በሥራ እረፍቴ ላይ ሁልጊዜ አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 12 ዓመቱ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል። ትንሿ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። እኔ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ሌሊት እሠራለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሳምንት ወጥቶ ነው የሚመለሰው።

ዓምና ትልቁን ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች ሲያስቸግሩት ማታ ማታ ማልቀስ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እህት «ኦንላይን ቻርተር ስኩል አስገቢያቸው። ቤት ሆነው በኢንተርኔት የሚማሩበት፣ በመንግሥት ገንዘብ ግን ራሱን ችሎ የሚሠራ ትምህርት ቤት ነው። ነጻ ነው፣ ላፕቶፕ ይሰጣሉ፣ ዓይንሽ ሥር ይውላሉ» አለችኝ። ሁለቱንም አስመዘገብኩ። ፎርሙ በስልኬ መጣ። ስንት ገጽ እንደነበረ እንኳ አላውቅም። ሥራ ቦታ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ በጣቴ ወደ ታች እየገፋሁ፣ ፈርሚ የሚል ቦታ ሁሉ ላይ ፈረምኩ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ለገና አገር ቤት ሄድን፣ አምስት ሳምንት። ኦንላይን ስለሆነ ከዚያም ይማራሉ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚጀምረው ክፍል ለካ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። እናቴ ቤት ደግሞ በዚያ ሰዓት እንግዳው አይጠፋም፣ ኔትወርኩም መጣሁ ሄድኩ ይላል። «ስንመለስ ታካክሳላችሁ» ብዬ ተውኩት።

ከተመለስን በኋላ ከትምህርት ቤቱ ኢሜይል ሲመጣ ስልኬን ለትልቁ እሰጠዋለሁ። ለሥራ የሚሆን እንግሊዝኛ አላጣም፣ የእነሱ ግን ይከብደኛል። «ምን ይላል?» ስለው «ምንም አይደለም ማሚ፣ ማስታወቂያ ነው» ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት በፖስታ ደብዳቤ መጣ። የሆነ ነገር ከበደኝና ሥራ ቦታ ወስጄ ለአንዲት ነርስ አሳየኋት። ልጁ ከተፈቀደው በላይ የቤት ሥራ ሳያስገባ ቀርቷል፣ በዚህ ዓይነት ትምህርት መቀጠሉ ይበጀው እንደሆነ የሚገመገምበት ስብሰባ ተይዟል ይላል። «ለርኒንግ ኮቹ» ይገኝ ይላል። እሱ ደግሞ ማነው ብዬ ስጠይቃት ሳቀችና «አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ልጄን ቁጭ አደረግኩት። በወላጅ አካውንቴ በየቀኑ «ተምረዋል» ብሎ የሚሞላው እሱ ኖሯል። ፓስወርዱ የራሱ የልደት ቀን ነው፣ እንዳልረሳው ብዬ ያደረግኩት እኔው ነኝ። «አሳየኝ» አልኩት። ሂሳብ 60 ደቂቃ፣ ሳይንስ 60 ደቂቃ፣ ንባብ 60 ደቂቃ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የሁለቱንም የሳምንት ፊርማ ጨርሶ ቀና ሲል የቀዳሁት ቡና ገና አልበረደም። ለትንሿ የተላከላት የሳይንስ ካርቶን አልጋ ሥር ተገኘ። የሚዘራው ባቄላና ማጉያ መነጽሩ ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል።

ባለቤቴ በስልክ «አገር ቤት ልኬ ነው ይሄን ልጅ የማሳድገው» ብሎ ጮኸ። እኔ ጆሮዬ ጭው ብሎብኛል። ይከሱኛል? ላስወጣቸው ወይስ ልቀጥል? ይሄንን ልጅስ ከእንግዲህ እንዴት ነው የማምነው?

የሁለት ልጆች እናት

*

እህቴ፣

መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብሰብ አድርጊ። የመጣልሽ የፍርድ ቤት መጥሪያ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦንላይን ቻርተሮች የሚሠሩት ልጁ ከመደበኛ ክፍል ውጭ በራሱ ጊዜ ለሚማርበት ትምህርት በወጣው ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ወላጅ፣ ተማሪና መምህር የሚፈርሙት ውል አለ። አንድ ልጅ ስንት ሥራ ሳያስገባ ሲቀር ግምገማ እንደሚጠራ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። አንቺ ኮሪደር ላይ ቆመሽ የፈረምሽው እሱን ነው። አትፈሪ፣ ሳያነብ የሚፈርም ብዙ ነው። እኔም የስልክ ውል አንብቤ አላውቅም። አሁን ግን ቅጂውን ጠይቂና ከስብሰባው በፊት አስነብቢው። ቁጥሩ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

«ኦንላይን» የሚለው ቃል ነው ያታለለሽ። ላፕቶፑ የሚያስተምር ይመስላል። ልጅ ሰፈር ትምህርት ቤት ሲሄድ ከጠዋት እስከ ከሰዓት አንድ አዋቂ ዓይኑን ይጥልበታል። አልሰማ ሲል ይጠራዋል፣ እርሳሱ ሲጠፋ ይሰጠዋል። እዚህ ሕጉ የሚለው፣ እስከ ሦስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች በየቀኑ ከመምህር ጋር በቀጥታ የሚማሩበት ዕድል ይኑር ነው። ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ላሉት በየቀኑ ከመምህሩ ጋር መገናኘትና ቢያንስ በሳምንት አንዴ የቀጥታ ትምህርት። ሌላው ሰዓት የማን ነው? ያንቺ ነው። «ለርኒንግ ኮች» የሚሉት ይሄንን ነው። ሌሊቱን አዛውንት ስታገላብጪ አድረሽ፣ ጠዋት ደግሞ የሦስተኛ ክፍል ረዳት መምህር ሆነሽ ተቀጥረሻል፣ ያለ ደመወዝ። ነጻ ነው ያለችሽ እህት አልዋሸችም። ቻርተር የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ አያስከፍልም። የሚከፈለው በሰዓት ነው፣ አንቺ ደግሞ የሌለሽ እሱ ነው።

በነገራችን ላይ አገር ቤት ለመሄድ ስታስቡ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ለመምህሩ ንገሩ። ይሄ ጥያቄ በየገናው ይመጣብኛል። ምዝገባው ከምትኖሪበት ካውንቲ ጋር የተያያዘ ነው፣ ላፕቶፑም በውሰት የተሰጠ ነው። አስቀድሞ ሲነገራቸው ሥራውን የሚያመቻቹ መምህራን አሉ። ሳይነገራቸው ሲቀር ግን ልጁ ጠፋ ነው የሚባለው።

ወደ ፊርማው ልምጣ። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ያጠፋ ልጅ «ወላጅ አምጣ» ይባል ነበር። አንድ የክፍላችን ልጅ ሰፈር ጫማ የሚጠርግ ጎረምሳ ለምኖ፣ ኮት አልብሶ፣ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ መጣ። ዳይሬክተሩ ጫማውን የሚያስጠርገው እዚያው ልጅ ጋ ኖሮ ጉድ ፈላ። ያንቺም ልጅ ያደረገው ያው ነው፣ ኮቱ በፓስወርድ ተተካ እንጂ። ስለዚህ ወንጀለኛ ወልጄ ብለሽ አትብሰክሰኪ።

ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ግን እወቂ። ትምህርት ቤቱ ከስቴቱ ገንዘብ የሚያገኘው ልጁ በተማረው ቀን ልክ ነው። በየቀኑ የሚሞላው ነገር የሒሳብ ሰነድ ነው ማለት ነው። 2019 ላይ ሳን ዲዬጎ ውስጥ በኦንላይን ቻርተሮች ገንዘብ ተጭበረበረ ተብሎ 11 ሰዎች ተከሰዋል። ከክሱ አንዱ በእነሱ ዘንድ ያልተማሩ ልጆችን እንደ ተማሪ ማስቆጠር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል። ስለዚህ ስብሰባው ላይ እውነቱን ተናገሪ። «ልጄ በእኔ አካውንት ይገባ ነበር፣ አላወቅኩም፣ ከዛሬ ጀምሮ የምሞላው እኔ ነኝ» በይ። ነገሩን እነሱ ከኮምፒውተሩ ከሚያገኙት ካንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

ለስብሰባው አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ዛሬውኑ፣ በጽሑፍ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ቻርተሮችም ጭምር፣ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ ዋና ዋናውን ነገር በሚገባው ቋንቋ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። አስተርጓሚውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። «ልጅዎ ያስተርጉምልዎ» ቢሉሽ እምቢ በይ። እኔ እንደማየው ቤታችሁ ውስጥ የተበላሸው ዋናው ነገር ይሄ ነው። አንድ የ12 ዓመት ልጅ በእናቱና በትምህርት ቤቱ መሀል ቆሞ፣ ስለ ራሱ የሚወራውን ወሬ እሱ ራሱ ሲያስተላልፍ ከረመ። የትኛው ልጅ ነው ራሱ ላይ የመጣ ክስ አጣርቶ የሚያነብ? እኔ አላነብም ነበር።

ስብሰባው ላይ «ራስዎ ቢያስወጡት ይሻላል» ብለው ወረቀት ቢያቀርቡልሽ እዚያው አትፈርሚ። ቤት ወስጄ አያለሁ በይ። አንቺ በፈቃድሽ ስታስወጪውና እነሱ ሲያስወጡት ለየቅል ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ቻርተር ልጅን ያለ ወላጅ ፍላጎት ለማስወጣት ሲያስብ ቢያንስ ከአምስት የትምህርት ቀናት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። ጽሑፉም በልጁ ወይም በወላጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ይላል። ላንቺ በአማርኛ ማለት ነው። ከመውጣቱ በፊት ጉዳያችን ይሰማልኝ ካልሽ ደግሞ ውሳኔው እስኪያልቅ ልጁ ተመዝግቦ ይቆያል።

ሌላ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። ወላጅ ስላልተሳተፈ ብሎ ቻርተር ልጅን አልቀበልም ወይም አልቀጥልም ማለት አይችልም። እንዲያውም ይሄንኑ ለወላጆች የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እንግዲህ «ኮችነትሽን አልተወጣሽም» ብሎ የሚቆጣሽ ካለ ዝም ብለሽ ስሚው። ይሄ መብት ግን የልጁን ሥራ አይሠራም። ሥራው ካልገባ አልገባም ነው።

ላስወጣቸው ወይ ላልሽው፣ የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፣ ትንሿን መልሺያት። ወደ ሰፈሯ ትምህርት ቤት። ስምንት ዓመቷ ነው። ባቄላ ተክላ፣ ጓደኛዋ ጋ ሮጣ «የእኔ በቀለ!» የምትልበት ዕድሜ ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ክሬዶ የተባለ የጥናት ማዕከል 2015 ላይ የኦንላይን ቻርተር ተማሪዎችን ውጤት በሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካሉ አቻዎቻቸው ጋር አስተያይቶ ነበር። በንባብ የ72 ቀን ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። በሂሳብ 180 ቀን፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ማለት ነው። ጥናቱ የቆየ ነው፣ ትምህርት ቤቱም ሁሉ አንድ አይደለም። ቀን ቤት የሚውል አዋቂ ያላቸው፣ ልጆቻቸው ያማረላቸው ቤተሰቦችን አውቃለሁ። በሕመም ምክንያት ከቤት መውጣት ለማይችል ልጅማ መዳኛ ነው። አንቺ ግን ጠዋት ቤት ገብተሽ ካልተኛሽ ማታ መርፌና ኪኒን ስታቀራርቢ እጅሽ ይሳሳታል።

ትልቁን ግን ለመመለስ አትቸኩዪ። የወጣው ከሥቃይ ሸሽቶ ነው፣ የሸሸው ነገር እዚያው ሊጠብቀው ይችላል። መጀመሪያ የሰፈራችሁን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው ዲስትሪክት ጋ ሂጂና ልጆች ያስቸግሩት እንደነበር ተናገሪ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። እስከዚያ እዚሁ ከቆየ መምህሩን ያመለጠው ሥራ ስንት እንደሆነና የትኛው ቢቀድም እንደሚሻል ጠይቂው፣ ሁሉንም በአንዴ አይደለም። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ፣ ስምንት ሰዓት ይሁን ዘጠኝ፣ አጠገቡ ተቀመጪና የሠራውን ያሳይሽ። ሂሳቡ ላይገባሽ ይችላል። ግድ የለም፣ እሱ ያስረዳሽ። የመመዝገቢያውን ገጽ ደግሞ ያየሽውን ብቻ አንቺ ሙዪ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ባለቤትሽን «አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚለውን ልጁ ፊት እንዳይደግመው ንገሪው። አገር ቤት ቅጣት ከሆነበት ሌላ ጊዜ አያቱን ለማየት ደስ ብሎት አይሄድም። ባለቤትሽ መንገድ ላይ ሆኖም የሚያደርገው አለ። እረፍት ሲያደርግ ለልጁ ይደውል፣ ስለ ትምህርት ሳይሆን ስለ ሌላ ያውራው። ልጁ ብቻውን ነው የከረመው። አባት መንገድ ላይ፣ እናት እንቅልፍ ላይ፣ ጓደኛ የለም፣ እህቱን የሚጠብቀው እሱ። የእሷን ሥራ ሳይቀር በእሷ ፈንታ ሲሞላ የነበረውኮ ቤቱ እንዳይረበሽ ብሎም ይሆናል። ይሄንን ጠይቂው እስቲ። ስትጠይቂው ግን ስልክሽን አስቀምጪ፣ ተቆጥተሽም አይሁን።

እንዴት ነው የማምነው ላልሽው፣ ለጊዜው ሙሉ በሙሉ ማመን አይጠበቅብሽም። ፓስወርዱን ዛሬውኑ ቀይሪ። የትንሿን የልደት ቀንም አታድርጊው፣ እሱንም ያውቀዋል።