የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገሩ ስለሚለወጠው የእርቃን ሕግ፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአጎራባቾቿም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በአደባባይ ራቁትን ስለመታየት የወጡት ሕጎች በምን እንደሚለያዩ ለምትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ብዙ ዘመን በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሠርቻለሁ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አገሩ አንድ ሆኖ ሳለ ሕጉ ለምን ይለያያል?

መልስ፦ የወንጀል ሕግ በአመዛኙ የየስቴቱ ሥልጣን ስለሆነ ነው። ሐፍረተ ሥጋን በሕዝብ ፊት መግለጥ በዲሲ እስከ 90 ቀን ያሳስራል፤ ድልድዩን ተሻግረው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ሲገቡ ጣሪያው 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር መቀጮ ይሆናል፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ደግሞ 3 ዓመት እስራትና 1,000 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። መጸዳጃ ቤት ሳጣ መንገድ ዳር ብሸና እከሰሳለሁ?

መልስ፦ ዲሲ በአደባባይ መሽናትን የሚከለክል የራሱ ድንጋጌ አለው፤ ፖሊሱ ግን ያየውን ሐፍረተ ሥጋን እንደ መግለጥ ቆጥሮ ሊከስ ይችላል፣ ልዩነቱም የሰማይና የምድር ያህል ነው። አንድ ሾፌር አስታውሳለሁ፤ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ የታክሲውን ቁልፍ በእጁ እያገላበጠ፣ «መቀጮውን ከፍዬ ወደ ሥራዬ ልሂድ» ይለኝ ነበር። መቀጮው ቀላል ነበር፤ ከባዱ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2013 የካሊፎርኒያን ሕግ መርምሮ፣ ሕጉ የዝሙት ሐሳብ መኖሩን ስለሚጠይቅ ጥፋቱ ነውረኛ ወንጀል (በእንግሊዝኛው crime involving moral turpitude) ነው ብሎ ወስኗል። እንዲህ ተብሎ የተመደበን ወንጀል ወደ አገሩ በገባ በ5 ዓመት ውስጥ የፈጸመ የግሪን ካርድ ባለቤት፣ ሕጉ ለጥፋቱ 1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚያሳስር ከሆነ፣ አንድ ቀን ባይታሰርም ከአገር ሊባረር ይችላል። እንግዲህ የዲሲን 90 ቀን ከቨርጂኒያ 12 ወርና ከሜሪላንድ 3 ዓመት ጋር አስተያዩ። የየስቴቱ ሕግ አቀራረጽ ስለሚለያይ ሁሉም በዚህ ምድብ ይወድቃል አልልም፤ ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ አትፈርሙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንደወሰነውም የወንጀል ጠበቃችሁ ይህን መዘዝ ሊነግራችሁ ግዴታ አለበት።

ጥያቄ፦ በአደባባይ ጡት ማጥባትስ?

መልስ፦ በ50ዎቹም ስቴቶች ይፈቀዳል።

ጥያቄ፦ በሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳርቻ ሴት እንደ ወንድ ደረቷን ገልጣ ብትታይ?

መልስ፦ ከተማዋ በ2017 ከልክላለች፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2021 አጽድቆላታል።

አንዲት ተሳታፊ፦ ይህማ አድልዎ ነው፤ ኒውዮርክ ከ1992 ጀምሮ ሴትን በዚህ አይቀጣም።

ሌላ ተሳታፊ፦ እህቴ፣ ኒውዮርክ ሌላ፣ ሜሪላንድ ሌላ። ልጆች ይዞ የሚሄድ ቤተሰብም መብት አለው።

የመጀመሪያዋ፦ የኮሎራዶው ጉዳይስ? በ2019 ይግባኝ ሰሚው የፎርት ኮሊንስን ክልከላ ለሴት ብቻ በመሆኑ አልተቀበለውም።

መልስ፦ ሁለታችሁም የጠቀሳችሁት እውነት ነው፤ ይግባኝ ሰሚዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ውሳኔያቸውም ተለያይቷል። ክርክሩን እዚህ ላይ ተዉት፤ የግሪን ካርድ ጥያቄ ያላቸው እየጠበቁ ነው።

ጥያቄ፦ ጠቅላላ ሕጉን በአጭሩ ቢያስረዱን?

መልስ፦ የየትኛው ስቴት? ለየትኛው ድርጊት? ይህን ሳትነግሩኝ ልመልስ አልችልም።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያም ክልል ከክልል ይለያያል?

መልስ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለአገሩ በሙሉ አንድ ነው፤ ክልሎች የሚያወጡት የወንጀል ሕግ ፌዴራሉ ባልሸፈነው ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ አልፌ አልገባበትም።

ጥያቄ፦ ክሱ ተዘግቶልኛል። የዜግነት ማመልከቻ ላይ ልጽፈው?

መልስ፦ ማመልከቻው ስለ ጥፋተኝነት ብቻ ሳይሆን ስለ መያዝም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ይጻፋል። የተዘጋበትን የፍርድ ቤት ወረቀት ማኅተሙ ያለበትን ይዛችሁ ቃለ መጠይቁ ላይ ቅረቡ።

ጥያቄ፦ ሽንት ብቻ ከሆነስ ግን?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አትፈርሙ።