ዋርፋሪን ለሚወስዱ እናት ነጭ ሽንኩርት በማር? ተይው

እታለም፣ እናትሽ ለልብ ቫልቭ ችግር ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን እንደሚወስዱ ጽፈሽ «ነጭ ሽንኩርት በማር ደም ያቀጥናል ይሉኛል፣ ልጀምርላቸው?» ብለሻል። አትጀምሪ። እኔ ጀምሬ እናቴን ላጣት ነበር።

1. ማቅጠኑ እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ የሚወጡት ውሁዶች ፕላትሌቶች (ደም እንዲቆም የሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። ዋርፋሪኑ በሌላ መንገድ ደሙ እንዳይረጋ እየያዘው ነው። በአንዱ ላይ ሌላውን ጨመርሽበት ማለት ነው።

2. ጎመን። ይሄን ማንም አልነገረኝም። ጎመን ደም እንዲረጋ የሚረዳው ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው፣ ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው ቫይታሚን ኬን እየገታ ነው። መቼም እናትሽም ፆመኛ ናቸው። የኔ እናት ቢቸና ነው ያለችው፣ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ትፆማለች፣ ጓሮዋ ጎመን ነው። መጋቢት ላይ ስትለካ አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር) ወርዶ ተገኘና ኪኒን ተጨመረላት። ምን እንደምትበላ የጠየቀ የለም። ፋሲካ ሲሆን ጎመኑ ቀረ። የተጨመረው ኪኒን ግን አልተቀነሰም። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት አራት ፍንካች ወቅጬ በማር አጎርሳት ጀመር።

3. ለሐኪም ንገሪ። እኔ ለምን አልነገርኩም? በፊት ስለ ጥቁር አዝሙድ አንድ ባለሙያ ጠይቄ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ወደ ቅጠል በጣሽህ ሂድ» አለኝ። ወረፋው ሁሉ ሰማ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ዝም አልን።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ሌሊት አፍንጫዋ መድማት ጀመረ። ነጠላዋ ራሰ። ሌላ ሰጠኋት፣ እሱም ራሰ። ክንዷን ደግፌ ባነሳኋት ቦታ ጣቶቼ ያረፉበት ሁሉ በለዘ። በኮንትራት መኪና ደብረ ማርቆስ ደረስን። ከ2 እስከ 3 መሆን የነበረበት አይኤንአር 7 አልፏል። ቫይታሚን ኬ ሰጧት። አንዲት ወጣት ሐኪም «እማማ፣ ቤት ውስጥ የሚወስዱት ነገር አለ?» አለቻት። በሦስት ዓመት ውስጥ የጠየቀችን እሷ ብቻ ናት።

ያ «ቅጠል በጣሽህ» ያለኝ ሰውዬ ግን አሁንም ያናድደኛል። ዋርፋሪን ራሱ መነሻው ሣር ነው! እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በኋላ ከድርቆሹ የተገኘው ውሁድ ነው ወደ ዋርፋሪን የመራው። የኛ እናቶችም ቅጠል ኃይል እንዳለው ያውቃሉ። ኮሶን በልክ የሚያጠጡት ካለፈ ዓይን እንደሚያጠፋ ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ጎመን አልከለከልናትም። ሐኪሟ እንዳለችው በፆምም በፍስክም መጠኑን እኩል አድርጋ ትበላለች። ሁዳዴ ሲገባም ሲወጣም እናስለካለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ከ3 አላለፈችም፣ እኔው ነኝ በደብተር የምመዘግበው። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ብቻ ነው።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ጓዳ ያለውን ሁሉ፣ ዳማከሴውንም ጤና አዳሙንም፣ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ቢቆጡሽም እስከ መጨረሻው አንብቢላቸው።