አንትሮፖሎጂ ልማር፦ ምን ላሟላ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። በሶሺዮሎጂ ተመርቄ ደሴ እየሠራሁ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሶሻል አንትሮፖሎጂ ማስተርሴን መያዝ እፈልጋለሁ። ምን ላሟላ? ጽሑፍስ ከየት ላግኝ?
አንባቢሽ፣ ከደሴ

መልስ፦ ከሶሺዮሎጂ መምጣትሽ አያስጨንቅሽ፣ ጎረቤት ነው። መጀመሪያ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፣ ሰው ሁሉ ጋት የሚለው። ከዚያ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። ብዙ ሰው የሚያዘው እዚህ ጋ ነው፤ የኮስት ሸሪንግ ዕዳሽ ካልተዘጋ ወረቀትሽ ስለማይለቀቅ፣ ምዝገባ እስኪከፈት ሳትጠብቂ አሁኑኑ ጨርሺው። መሥሪያ ቤትሽ የሚከፍልልሽ ከሆነም የስፖንሰር ደብዳቤውን ቀደም ብለሽ አስጽፊ።

ወረቀቱ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ፊልድ ነው፣ የመስክ ጥናቱ። መጠይቅ በትኖ፣ ሰብስቦ መመለስ እዚህ አይሠራም፤ ሰው መሀል ተቀምጠሽ፣ ለቅሶውም ገበያውም አብረሽ ውለሽ ነው የምታውቂው። ስለዚህ ርዕስ ከመምረጥሽ በፊት የት እንደምታርፊና በምን ቋንቋ እንደምታወሪ አስቢ። እኔን ብትጠይቂኝ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ወሎ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ሐመር በአስተርጓሚ ለመጻፍ መንከራተት ምን ይሉታል? ከዲፓርትመንቱ የምትይዢው የትብብር ደብዳቤ ደግሞ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ እየተመራ ይወርዳል። በየቢሮው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» መባል አይቀርምና ጊዜሽን ሰፋ አድርጊ። ጸጥታውም አለ፤ መንገድ ቢዘጋ የምትሄጂበት ሁለተኛ ቦታ ያዢ።

ለንባብ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የሚስተካከለው የለም። ደሴ ሆነሽ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስቀመጣቸውን የቀድሞ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፎች አንብቢ። ፕሮፖዛል እንዴት እንደሚጻፍ ከማንም በላይ እነሱ ያሳዩሻል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ባችለሬን ጨርሻለሁ። ማስተርስ ሳልይዝ ለፒኤችዲ ማመልከት እችላለሁ? የፊልድ ወጪውስ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ትችላለህ። እዚያ ብዙ ዲፓርትመንቶች ከባችለር በቀጥታ ይቀበላሉ፤ ማስተርሱን መንገድ ላይ ትይዘዋለህ። ፒኤችዲው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያን ሸፍኖ ለኑሮም የሚሆን ገንዘብ ስለሚሰጥ፣ በብድር ማስተርስ ውስጥ ባትገባ ይሻልሃል። ማመልከቻው የሚዘጋው ባብዛኛው ዲሴምበር ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በርዕስህ ላይ ለሚሠራ ፕሮፌሰር አጭር ኢሜይል ላክ። ለፊልድ፣ የአንትሮፖሎጂ ምርምርን የሚደግፈው ቬነር ግሬን ፋውንዴሽን ዜግነት ሳይለይ ለዶክትሬት ተማሪ እስከ 25,000 ዶላር ይሰጣል። ውድድሩ ግን ከባድ ነው፤ ሌሎች ቦታዎችም ሞክር። እና ኢትዮጵያ ለመሥራት ካሰብክ፣ አክስትህንም ቢሆን ለጥናቱ ብለህ ከማነጋገርህ በፊት ከዩኒቨርሲቲህ የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ አውጣ።