ዱቄቱን አቁመው፣ አየሩ ይቅደም

ጥያቄው ከጎንደሯ አዘዞ ነው። ላስቲክ በተነጠፈበት ገንዳ ቆሮሶ የሚያረባ ወንድማችን እንዲህ ይላል፦ «ዓሦቹ ንጋት ላይ አፋቸውን ከውሃ እያወጡ ያለከልካሉ፣ ረፋዱ ላይ ይሻላቸዋል። ኩሳቸው እንደ ነጭ ክር ይንጠለጠላል። ገንዳውን በበረኪና አጥቤው ነበር። አንድ ባለሙያ ቴትራሳይክሊን በመኖ ቀላቅሎ ሰጠልኝ። እኔም ለሽሪምፕ (ቅርፊት ላላት ትንሽ የውሃ እንስሳ) የሚሸጥ ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት፣ ገዝቼ በሞላሰስ አባዝቼ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩ። ባሰባቸው።»

ወንድሜ፣ ንጋት ላይ ብቻ የሚብስ ነገር የአየር እጥረት ነው። የአንጀት ችግር የለም አልልህም፤ ያ ነጭ ክር መኖ እንደማይበሉ ይናገራል። የሚገድልህ ግን አየሩ ነው። ጠቃሚ ባክቴሪያም ይተነፍሳል። ሞላሰስ ሲያገኝ ሌሊቱን ይራባና ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። የዱቄቱ መመሪያ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ውሃ የሚያናውጥ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ለሚዞርበት ኩሬ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ወደ ሩብ ይቀንሳል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ዱቄቱንም ሞላሰሱንም አቁም። ሁለት ቀን መኖ አትስጥ። ከታች ያለውን ጭቃ በጎማ እየሳብክ የውሃውን ሲሶ ያህል ቀይር። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክዳኑ በተከፈተ በርሜል አንድ ቀን አሳድረው፤ ክሎሪን ስንጥባቸውን፣ መተንፈሻቸውን፣ ያቃጥላል።

የአየር ፓምፕህ ድምፅ እንጂ አየር የማይሰጥ ከሆነ ክፈተውና ውስጡ ያለውን ላስቲክ እይ። ርካሾቹ ላይ ያ ላስቲክ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ሻጩ ግን መለዋወጫ የለውም፣ አዲስ ግዛ ይልሃል። ፓምፕ ስትገዛ ላስቲኩን አብረህ ግዛ። በናስትሮ የተጠቀለለ ገመድ ገንዳ አጠገብ አይሁን። እጅህን ውሃ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል። መብራት ጠፍቷል ብለህ አትመን፤ እጅህ ውስጥ እያለ ይመጣል።

ወደ በረኪናው ልመለስ፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2009 ቻይና ውስጥ ሽሪምፕ ኩሬ ውስጥ በተጨመረ በሳምንታት ውስጥ ማለቅ ጀመረ። በሽታው ቬትናምና ታይላንድ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አመንጪውን አገኙ፦ መርዝ የሚያመነጭ የቪብሪዮ ዓይነት ባክቴሪያ፣ የሽሪምፑን ጉበት መሰል አካል የሚያፈርስ። ሽሪምፕ እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካል አይሠራም፤ የእኛ ዓይነት ክትባት ብዙም አይረዳው። ብዙ አርቢ ታዲያ በክሎሪን፣ እንዳንተ በረኪና፣ የኩሬውን ባክቴሪያ ሁሉ ጠራርጎ ገደለ። ቪብሪዮ ደግሞ ባዶ ቦታና ምግብ ሲያገኝ ከሁሉም ፈጥኖ የሚራባ ነው። ቅዳሜ ገበያ መደቡ ሁሉ ባዶ ቢሆን ማልዶ የሚይዘው ማን ይመስልሃል? ጉልበተኛው ነው። ዱቄቱ ውስጥ ያለው የባሲለስ ባክቴሪያ ሥራው መደቡን ቀድሞ መያዝ ነው፤ አንጀት ላይ ምግቡን ይሻማል፣ ተቀናቃኙን የሚጎዳ ነገርም ያመነጫል። አንተም በበረኪናው መደቡን ባዶ አደረግህ።

ቴትራሳይክሊኑን የሰጠህ ሰውዬ ነገር ደግሞ ያናድዳል። ላብራቶሪ ሳያይ! አንተ የምትዘራውን ባሲለስ መድኃኒቱ ይነቅለዋል። አቁመው። መድኃኒቱ ከሥጋቸው እስኪወጣ ዓሦቹን አትሽጥ፣ አንተም አትብላ።

ንጋት ላይ ማለክለኩ ሲቆም ዱቄቱን መልስ፤ ገንዳው ውስጥ ሳይሆን መኖው ላይ። መለያው ላይ የተጻፈውን መጠን ክሎሪን በሌለው ለብ ያለ ውሃ በጥብጠህ መኖው ላይ እርጭ። ጥቂት ዘይት ለውሰህ ጥላ ላይ አድርቀው። የዕለቱን ለዕለቱ። ባሲለሱ አንጀት ውስጥ ተክሎ አይቀርም፤ ሳታቋርጥ መስጠት አለብህ። ጠዋት ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ አይፈጩም፤ ቀትር ላይ መግብ። መለያ በሌለው ፌስታል ተመዝኖ የሚሸጠውን ግን እንዳትነካው፤ ውስጡ ዱቄት እንጂ ባክቴሪያ ላይኖር ይችላል።

ከዚህ በኋላም ነጩ ክር ካልጠፋ የታመመ ግን ያልሞተ ዓሣ ከነውሃው ይዘህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሂድ። የሞተ አትውሰድ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ባክቴሪያ ይወርረውና ምርመራው ያሳስታል። ዓሣውን ስታወጣም፣ እንደገና ልበልህ፣ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል።